ፐርሲ ጂቭስን ፍለጋ፦ ከበርሚንግሃም እስከ ሶም

ጂቭስ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝኛ ልብወለድ የሚወድ ሰው ፒ. ጂ. ዎድሃውስ የፈጠረውን ብልህ አሽከር ያውቀዋል። ኢንተርኔት ካፌ ገብተን ደቂቃ እየተቆጠረብን በምንጠቀምበት ዘመን ደግሞ «አስክ ጂቭስ» የሚባል መፈለጊያ ነበር፤ ሱፉን ግጥም አድርጎ የለበሰ አሽከር ሥዕል ያለበት። ስሙ መጀመሪያ የማን እንደነበር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ባለቤቱ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበር። ክሪኬት ይጫወት ነበር። በ28 ዓመቱ ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ። የሚታወቅ መቃብር የለውም።

የምኖረው በርሚንግሃም ነው፤ ከኤጅባስተን ስታዲየም ብዙም አልርቅም። ይህን ሰው ያወቅሁት በሰፈሬ ምክንያት ነው። ካወቅሁት በኋላ ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወሰድኩና እሱ የሄደበትን መንገድ ተከትዬ ሄድኩ። አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 16 ነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ለሰፈር ክለብ ክሪኬት የሚጫወት። እናቱ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ አስይዛ ሸኘችን።

ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሐሙስ፦ ኤጅባስተን

መነሻችንን የስታዲየሙ በር አደረግን። ዛሬ 25,000 ያህል ሰው ይይዛል። ብራያን ላራ የሚባለው ዝነኛ ተጫዋች በ1994 ማንም ሳያስወጣው 501 ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ ያስቆጠረው እዚህ ነው። እስካሁን ያንን ቁጥር በትልልቆቹ ጨዋታዎች የደረሰበት የለም። ጂቭስ ሲመጣ ግን ቦታው እንዲህ አልነበረም። የእንጨት መቀመጫ፣ ሰፊ ሣር፣ ዙሪያውን ዛፍ።

ለክሪኬት ባዳ ለሆናችሁ አንባቢዎች የእህቴ ልጅ ለእኔ ያስረዳኝን ልንገራችሁ። «አጎቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለኝ። «ቦውለሩ ይወረውራል። ባት የያዘው ሰው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይጠብቃል። እንጨቱን ካገኘህበት፣ ወይም የመታትን ኳስ መሬት ሳትነካ ከቀለብካት፣ አስወጣኸው። አንድ ዊኬት አገኘህ ማለት ነው።» ከቦርሳው ኳሱን አውጥቶ ሰጠኝ። ቀይ ቆዳ ናት፣ ውስጧ ቡሽ፣ ድንጋይ የምታህል ጠጣር። ወገቧ ላይ ዙሪያዋን ወፍራም ስፌት አለ። አንዱን ጎኗን ብቻ ሱሪው ላይ እየፈተገ አሳምሮ አብርቶታል፣ ሌላው ጎኗ ደብዛዛ ነው። ኳሷ አየር ላይ የምትታጠፈው በዚህ በሚያበራውና በሚደበዝዘው ጎን ልዩነት ነው አለኝ። በጣቴ ስፌቱን ስዳስስ ነገሩ ገባኝ። ጉልበት ብቻ የሚፈልግ ሥራ አይደለም፤ እጅ ይፈልጋል።

ጂቭስ ወደዚህ ሜዳ የመጣው በ1911 ነው። ኤጅባስተን ላይ የሚጫወተው ዋሪክሸር በዚያው ዓመት በካፒቴኑ ፍራንክ ፎስተር መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የካውንቲዎቹን፣ ማለትም የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ቡድኖችን፣ ዋንጫ ወስዷል። ጂቭስ ግን ሊሰለፍ አይችልም ነበር። ባልተወለድክበት ካውንቲ ለመጫወት ሁለት ዓመት መኖር ግድ ነበር። ደሞዝተኛ ሆኖ እየሠራ ጠበቀ። በ1912 ከውጭ ለጉብኝት ከመጡ ቡድኖች ጋር ሞከሩት። በ1913 ሙሉ ተጫዋች ሆነ፤ በዚያ ዓመት ብቻ 106 ዊኬት አገኘ፣ 765 ራን አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጠቅላላ የተጫወተው 50 ትልልቅ ጨዋታ ነው። ያገኘው ዊኬት 199።

የእህቴ ልጅ ቁጥሩን ሲሰማ ቆም አለ። «አንድ ብቻ?» አለ። 200 ለመሙላት አንድ ብቻ ነበር የጎደለው።

ለእያንዳንዱ ዊኬት በአማካይ 20 ራን ነው የሰጠው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦውለሩ ጎበዝ ነው። ለእኛ ምንም የማይል ቁጥር ሊመስል ይችላል። ክሪኬት የሚያውቅ ሰው ፊት ስታነሱት ግን ፊቱ ይቀየራል። እኔ ሥራ ቦታዬ ላይ በሕንዶችና በፓኪስታኖች ባልደረቦቼ ላይ ሞክሬዋለሁ።

ዓርብ፦ ጉል

ወደ ሰሜን በኤም 1፣ ከዚያ በኤም 18 አድርገን ጉል ገባን። መንገዱ ጥገና ላይ ስለነበር ረጅም ሰልፍ ጠበቀን፤ ሌላ የሚወራለት ነገር የለውም።

ጂቭስ የተወለደው ማርች 5 ቀን 1888 ዮርክሸር ውስጥ ዱስበሪ አጠገብ ነው። ያደገው ግን እዚህ ነው። አባቱ ባቡር ላይ ጋርድ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ባቡሩን ተከትሎ ጉል ገባ። ከተማዋ ከባሕር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደብ ናት። መርከቦቹ በኡዝ ወንዝ ሽቅብ ነው የሚመጡት። ከጡብ ቤቶቹ በላይ የመርከብ ክሬን ብቅ ብሎ ታያላችሁ። ሁለት የውሃ ማማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም፤ የከተማው ሰው የጨውና የቁንዶ በርበሬ ዕቃ ብሎ ይጠራቸዋል።

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግሁት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚህ ጉልን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ባቡሩ የወለደው ከተማ፣ በአንድ ዓይነት መልክ የተሰለፉ የሠራተኛ ቤቶች፣ አባት ሌሊት ወጥቶ በማግስቱ የሚገባበት ኑሮ፣ ልጆች ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ። ገዚራ ውስጥ ኳስ ስንራገጥ የዋልነውና እሱ እዚህ ሲወረውር የዋለው አንድ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ኳስ ችሎ ለባቡር ቡድን እንደሚመረጠው፣ ጂቭስም ለጉል ቡድን ተመረጠ። ዮርክሸርም ጠርቶ ሞከረው። አልወሰዱትም።

እዚህ ላይ የዮርክሸርን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ያኔ ከካውንቲው ተወላጅ በስተቀር አያሰልፉም ነበር፤ ይህን ልማድ እስከ 1992 ድረስ ይዘውታል። ጂቭስ የገዛ ልጃቸው ነው፣ በራቸው ድረስ መጥቶ ነበር፣ መለሱት።

ምሳ ፍለጋ ዓሣና ድንች ጥብስ ቤት ገባን። ዓርብ ስለሆነ ዓሣ ይስማማኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ተሰለፍኩ። ልጁ ግን እዚህ አገር ስላደገ ያውቃል። «አጎቴ፣ ዮርክሸር ውስጥ በበሬ ሞራ ነው የሚጠብሱት» አለኝ። ሻጯን ጠየቅኳት፤ በኩራት አዎን አለች። ድንቹም በዚያው ነው። እሱ በ9 ፓውንድ ከ80 ዓሣውን እየበላ፣ እኔ የተፈጨ አተር በ1 ፓውንድ ከ60 ገዝቼ በእህቴ ድፎ ዳቦ አጣቅሼ በላሁ። አተሩ ወፍራም ሽሮ ነው የሚመስለው፤ በርበሬ ቢያገኝ ኖሮ ማንም አይችለውም።

አዳራችን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በ62 ፓውንድ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ባቡር ሲያልፍ ይሰማል። ለእኔ ያሳደገኝ ድምፅ ስለሆነ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ቅዳሜ፦ ወደ ዌንስሊዴል

ከጉል ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትሄዱ ሜዳው ያልቅና ኮረብታው ይጀምራል። ሌይበርን ካለፍን በኋላ መንገዱ ጠበበ። ግራና ቀኙ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካበ የድንጋይ ካብ ነው። ኮረብታው ላይ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የሠራተኛውን ልፋት ይገባዋል።

እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ጎማችን ተነፈሰ። ረጅም ሚስማር ገብቶበታል። ብዙዎቹ የዘንድሮ መኪኖች ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ ማጣበቂያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው። ፈሳሹ አልያዘም። ስልክ ደግሞ ኔትወርክ የለውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመን ከበጎች ጋር ስንተያይ አንድ አዛውንት ገበሬ በትራክተር መጡ። ምንም ሳይጠይቁን ወርደው ጎማውን አዩና ልጁን ይዘውት ወደ መጋዘናቸው ሄዱ። በጎማ መጥቀሚያ ተመለሱ። ሚስማሩን ነቅለው፣ ቀዳዳውን ጠቅጥቀው፣ በኮምፕሬሰር ሞልተው ጨረሱት። ገንዘብ ብሰጣቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከድፎው ቆርሰን ሰጠናቸው። አሽትተው፣ ቀምሰው፣ ጥቁር አዝሙዱን በጣታቸው እያሳዩ ምንድን ነው አሉኝ። ሁለተኛ ቁራሽ ለባለቤታቸው ብለው በመሐረብ ጠቀለሉ።

ለምን እንደመጣን ሲሰሙ ስሙን ወዲያው አወቁት። «ዮርክሸር ነው የለቀቀው» አሉ፣ ትናንት የተደረገ ያህል እየከፋቸው። ከዚያም ወደ ታች እየጠቆሙ በሚቀጥለው መንደር ጨዋታ እንዳለ ነገሩን።

እውነትም ነበር። ሜዳው ተዳፋት ነው፣ ዳሩ ላይ ላም ይግጣል። የሚጫወቱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። መግቢያ አይከፈልም። ሻይና ኬክ የሚሸጡ እናቶች አሉ፤ ሁለት ሻይ፣ ሁለት ቁራሽ ኬክና ሳንድዊች በ7 ፓውንድ። ጨዋታው መሃል ላይ ቆሞ ሁሉም ሻይ ይጠጣል፣ የተጣሉትም የተሸነፉትም አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። ይህን ወድጄዋለሁ።

አንድ ቀጭን ወጣት ቦውለር ነበር። አጠገቡ ባለው አጥር ላይ ተደግፌ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እንደ ብዙዎቹ ከሩቅ አይንደረደርም። ጥቂት እርምጃ ይሮጣል፣ ትከሻው ይዞራል፣ ክንዱ ሳይታጠፍ ከጆሮው አጠገብ ያልፋል፣ አንጓው መጨረሻ ላይ ፈጠን ይላል። የሚታገል አይመስልም። ኳሷ ግን መሬት ነክታ ስትነሳ ፍጥነቷን የምትጨምር ትመስላለች። ሦስተኛዋ ላይ መሃለኛው እንጨት ተነቅሎ ተሽከረከረ። የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዘኝ። ጂቭስን ያዩ ሰዎች ስለ እሱ የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ያለ ጥረት፣ በቀላሉ የሚወረውር።

እሑድ፦ ሆውስ

ያደርነው ሆውስ ነው፣ ለሁለት ሰው ቁርስን ጨምሮ 90 ፓውንድ። ባለቤቷ ባልቴት ናቸው፤ ደረጃው ላይ ጫማ ማውለቅ ይገባን እንደሆነ ስጠይቃቸው በጣም ደስ አላቸው። ቁርሱ እንቁላል፣ ባቄላ፣ እንጉዳይ፣ ቲማቲም፣ ቋሊማ ነው። ቋሊማው የአሳማ ስለሆነ ተውኩት፤ ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ሌላ እንቁላል ጨመሩልኝ።

የጂቭስ ዕድል የተቀየረው በዚህች መንደር ነው። ዮርክሸር ከመለሰው በኋላ ለሆውስ ቡድን በክፍያ ይጫወት ነበር። በ1910 የዋሪክሸር ክለብ ጸሐፊ ራይደር ለእረፍት በእግራቸው እየተጓዙ እዚህ አካባቢ ደረሱ። ሲያልፉ ጨዋታ አዩ። አንድ ወጣት ሲወረውር አዩ። ሌላ ምንም ማስረጃ አልፈለጉም፤ በርሚንግሃም መጥቶ እንዲሞክር ጋበዙት። እኔ ቆሜ ሳስበው የሚገርመኝ ነገሩ ስንት ቦታ ሊሰበር ይችል እንደነበር ነው። ዝናብ ቢዘንብ ጨዋታ የለም። ሰውዬው ሌላውን ሸለቆ ቢመርጡ ጂቭስ የለም። እዚህ ደግሞ ዝናብ ብርቅ አይደለም።

ያኔ ባቡር እስከዚህ ይመጣ ነበር። አሁን ጣቢያው ሙዚየም ሆኗል፤ መድረኩ አጠገብ አንድ የእንፋሎት ሞተርና ፉርጎዎች ቆመዋል። የእህቴ ልጅ ፎቶ ሲያነሳኝ አባቴ ትዝ አሉኝ። ጋርዱ የሚቆመው መጨረሻ ፉርጎ ላይ ነው፤ ልጆች ሆነን የምንሯሯጠው እሱን ለማየት ነበር።

ከዚያ ወደ አይብ ፋብሪካው ወጣን። የዌንስሊዴል አይብ የሚሠራበት ነው። በ1992 ተዘግቶ ሥራው ወደ ሌላ ካውንቲ ሊሄድ ሲል የቀድሞ ኃላፊዎቹ ገዝተው በዚያው ዓመት መልሰው ከፈቱት። አይቡ ነጭ ነው፣ ፍርፍር የሚል፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ለእኛ ምላስ ከፈረንጅ አይብ ሁሉ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። እነሱ በፍራፍሬ ኬክ ይበሉታል። እኔ ለእህቴ ክትፎ አስቤ በ8 ፓውንድ አንድ ቁራሽ ያዝኩ።

ሰኞ፦ ቸልተነም

ከሆውስ በጠዋት ተነስተን ረጅሙን መንገድ ጨረስነው። ቸልተነም የሀብታም ከተማ ናት፤ ነጫጭ ቤቶች፣ የብረት በረንዳ፣ አበባ። ለመኪና ማቆሚያ ብቻ 6 ፓውንድ ከ50 ከፈልን።

የኮሌጁ ሜዳ ላይ ከ1872 ጀምሮ ግሎስተርሸር በየበጋው ይጫወታል። ዳር ዳሩን ነጭ ድንኳን ይተክሉበታል። ከኋላ ቤተ ክርስቲያን የሚመስሉ የትምህርት ቤቱ ሕንጻዎች ናቸው። በኦገስት 1913 ዋሪክሸር እዚህ መጣ። ዎድሃውስ በዚያን ሰሞን ወላጆቹን ሊጠይቅ ቸልተነም ነበርና ጨዋታውን ገብቶ አየ። የጂቭስ አወራወር ልቡ ውስጥ ቀረ። ኒው ዮርክ ሆኖ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ሲፈልግ ያ ስም መጣለት። አሽከሩ ጂቭስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1915 ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ይህን ነገር በደብዳቤ ጠይቆ ከዎድሃውስ እጅ ማረጋገጫ ያገኘው የዚያው የራይደር ልጅ ነው። አባት ተጫዋቹን አገኙ፣ ልጅ ደግሞ ስሙን መለሰለት።

እንግዲህ ስሙ የተሰጠው ለአሽከር ነው። ይህ ለብዙ ሰው ተራ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን ይቆጠቁጠኛል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ተጫዋቾች ሁለት ዓይነት ነበሩ። ደሞዝ የማይወስዱት «ጨዋዎች»፣ ለእንጀራቸው የሚጫወቱት ደግሞ «ተጫዋቾች» ይባላሉ። አንድ ቡድን ውስጥ ሆነው ልብስ የሚቀይሩት በተለያየ ክፍል ነው። ብዙ ቦታ ወደ ሜዳ የሚገቡትም በተለያየ በር ነው። ይህ እስከ 1962 ድረስ አልቀረም። ጂቭስ ከሁለተኛው በር ነበር የሚገባው።

ሁለቱ ወገኖች በየዓመቱ ይጋጠሙ ነበር። በጁላይ 1914 ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ ጂቭስ ለደሞዝተኞቹ ተመረጠ። በ44 ራን አራት ጨዋዎችን አስወጣ። የእንግሊዝ ካፒቴን የነበረው ፔልሃም ዋርነር አይቶት፣ ይህ ልጅ ለእንግሊዝ ይጫወታል ብሎ ተናገረ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ፣ ኦገስት 4፣ እንግሊዝ ጦርነት አወጀች። በዚያው ወር በ27 የክሪኬቱ አዛውንት ደብሊው ጂ ግሬስ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አወጡ፤ ጨዋታው ይቁም፣ ወጣቶቹ ይዝመቱ አሉ። ጂቭስ በርሚንግሃም ውስጥ ከተቋቋሙት የወዳጆች ሻለቆች (ጓደኛሞች አብረው ከሚመዘገቡባቸው) በአንዱ፣ በሮያል ዋሪክሸር ሬጅመንት 15ኛ ሻለቃ ተመዘገበ። የክለቡን ውጤት መዝጋቢ እህት አጭቶ ነበር።

ማታ ዶቨር አደርን።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15፦ ሃይ ዉድ

ቀኑን መርጠን ነው የሄድነው። ጁላይ 22 ነው፣ ጂቭስ በ1916 የሞተበት ዕለት፤ በእኛ ሐምሌ 15 ቀን 1908።

መርከቡ ከዶቨር ካሌ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ለመኪናና ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ 165 ፓውንድ ከፍለናል። ፈረንሳይ ስትገቡ በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ለድሬዳዋ ልጅ ይህ ወደ ቤት መመለስ ነው። የፈጣን መንገዱ ክፍያ ግን ለጉድ ነው፣ ባፖም እስክንደርስ ከ10 ዩሮ በላይ ወሰደብን።

ውጊያው የተካሄደበት የፈረንሳይ አካባቢ፣ ሶም፣ ተራራ የለውም። ለጥ ያለ የስንዴና የድንች እርሻ ነው፣ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ሎንግቫል መንደርን አልፈን በጠባብ መንገድ ስንወጣ ሃይ ዉድ ከጉብታው ላይ ጥቁር ሆኖ ታየን። ያን ያህል ትልቅ ጫካ አይደለም። እንግሊዞች መጀመሪያ የደረሱበት ጁላይ 14 ነው፤ የያዙት ሴፕቴምበር 15። ሁለት ወር ሙሉ ለዚህች ቁራሽ ዛፍ ተዋጉ። የጂቭስ 15ኛ ሻለቃ በጁላይ 22 ሌሊት ተዳፋቱን ወጥቶ እንዲያጠቃ ታዘዘ። ከላይ መትረየስ ይጠብቃቸው ነበር።

መኪናውን ዳር አቁመን በእግራችን ወጣን። ተዳፋቱ ለእግር የሚከብድ አይደለም፤ በቀስታ ይወጣል። ግን ምንም መጠለያ የለውም። ከሚደበቁበት አንድ ድንጋይ እንኳ አላየሁም። የእህቴ ልጅ ርቀቱን በዓይኑ ለካና «ከዚያ ጫፍ ሁሉም ይታያል» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ጫካው የግል ነው፣ መግባት ክልክል ነው። ያልፈነዳ ጥይት አሁንም መሬቱ ውስጥ አለ። እርሻው ዳር የዛገ የቦምብ ቀፎ ተከምሮ አየን፤ ገበሬዎች ሲያርሱ የሚወጣላቸውን ለመከላከያ ሠራተኞች እንዲነሳ መንገድ ዳር ያስቀምጡታል። ከጫካው ፊት ለፊት «የለንደን መካነ መቃብር» አለ። አብዛኛው ድንጋይ ላይ ስም የለም፤ «ማንነቱን እግዚአብሔር የሚያውቀው» ይላል። ከእነዚህ አንዱ ጂቭስ ሊሆን ይችላል። በየረድፉ እየሄድን ስም በሌላቸው ድንጋዮች ፊት ቆምን። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ልጁም ከእኔ ጋር ደገመ፤ እናቱ አስተምራዋለች።

ቲየፕቫል

ከሃይ ዉድ ቲየፕቫል በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። የመታሰቢያው ቅስት ከሩቅ ነው የሚታየው። ኤድዊን ለቸንስ የነደፈው፣ በ1932 የተመረቀ፣ በጡብና በነጭ ድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ነገር ነው። አስከሬናቸው ያልተገኘ ወይም ማንነቱ ያልታወቀ ከ72,000 በላይ ሰዎች ስም ተቀርጾበታል። ስሞቹ በየሬጅመንቱ ነው የተደረደሩት። ለመግቢያ አይከፈልም።

ዓምዶቹ ከሰው ቁመት ብዙ ጊዜ ይረዝማሉ። ላይ ያለው ስም በዓይን አይነበብም። የእህቴ ልጅ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ካሜራውን እያቀረበ ከላይ እስከ ታች አነበበ። አንገቱ ሲደክም እኔ ተቀበልኩት። ጄፍሪስ፣ ጄንኪንስ፣ ጆንስ፣ ጆንስ፣ እንደገና ጆንስ። ልጁ «አጎቴ!» ሲል ሰዎች ዞሩ። ጂቭስ ፒ.። አጭር ናት፣ በሌሎቹ መሃል። ክሪኬት ተጫዋች እንደነበር አይልም፣ 199 ዊኬትም አይልም። ስሙ ብቻ ነው፣ የራሱ።

የአያቴ ወንድም በ1928 በእኛ አቆጣጠር ከደጃዝማች ነሲቡ ጦር ጋር ወደ ኦጋዴን ዘምቶ አልተመለሰም። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ መንገድ ያዩ ነበር። ስሙን የማውቀው ቤት ውስጥ ስለሚነሳ ነው። የትም አልተጻፈም። እንግሊዞቹ በዚያ ጦርነት ልጆቻቸውን እንዴት እንዳስፈጁ ሳስብ እናደዳለሁ፤ ይህን ግንብ ማቆማቸውን ግን አከብራለሁ። የኦጋዴኖቹ፣ የማይጨዎቹ፣ የአምባ አራዶሞቹ ስም እንዲህ በአንድ ቦታ ተጽፎ፣ የልጅ ልጅ መጥቶ በጣቱ እየጠቆመ ቢያነብ ምን ነበረበት? ይህን ስናገር የእህቴ ልጅ የአያቴን ወንድም ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። ስልኩ ላይ በላቲን ፊደል ጻፈው፤ እኔ ደግሞ ከጎኑ በአማርኛ ጻፍኩለት።

አልቤር

ማታ አልቤር ከተማ አደርን፣ ክፍሉ 78 ዩሮ። እራት ስቴክና ድንች ለሁለታችን 41 ዩሮ ሆነ። የሆቴሉ ባለቤት የመጣንበትን ሲሰማ ስለ ክሪኬት ምንም እንደማያውቅ ነገረን። ልጁ ሹካና ማንኪያ ደርድሮ፣ ሦስት የጨው ዕቃ አቁሞ፣ በዳቦ ፍርፋሪ እየወረወረ አስረዳው። ሰውዬው እስኪገባው አልለቀቀውም። ቡና ያለ ክፍያ አመጣልን።

በማግስቱ ካሌ ላይ ለፓስፖርት ሁለት ሰዓት ተሰለፍንና ወደ ቤት ተመለስን።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ለፈረንሳይ ታርጋችሁ ላይ «ዩኬ» የሚል ከሌለ መኪናችሁ ላይ ምልክቱን መለጠፍ ግዴታ ነው። ሃይ ዉድ ጫካ ውስጥ አትግቡ፣ እርሻ ላይ የምታዩትን ብረት አትንኩ። ውሃ ያዙ፣ አካባቢው ሱቅ የለውም። ለቲየፕቫል አጉሊ መነጽር ወይም ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያስፈልጋችኋል። የሮያል ዋሪክሸር ሬጅመንት ስሞች ያሉት 9ኤ፣ 9ቢ እና 10ቢ የሚሉት ፊቶች ላይ ነው።